የማህናዝ ካሜራና የሙሉነሽ ፊት

ማህናዝን አልወዳትም። ይህን የምለው እርጅና ምላሴን ስላላላው አይደለም፤ ድሮም ብያለሁ፣ ፊት ለፊቷም ብያለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት ልጄ ሳራ ከሥራ ተመልሳ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ያቺ ኢራናዊት ጓደኛሽ አፊሽ ላይ አለች እኮ! ግራንድ ሳኮኔ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ እንዲህ ትልቅ!» አለችኝ፣ እጆቿን ዘርግታ። «ጓደኛዬ አይደለችም» አልኳት። «ኦኬ፣ የድሮ ጓደኛሽ» አለች። «የድሮም አይደለችም።» ሳራ እዚሁ ስዊስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ቂም ለሚባለው ነገር ብዙ ቃል የለውም። ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ማድቤት ገባች። እኔ ግን በማግስቱ ከምኖርበት ከቨርሷ፣ ከጄኔቭ ዳርቻ፣ ተነስቼ፣ ሌላ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ አፊሹን፣ ያን የተለጠፈ ትልቅ ማስታወቂያ፣ ለማየት ብቻ ሄድኩ።

እሷ ናት። ጸጉሯን እንደ ወንድ ልጅ አጭር አድርጋ ተቆርጣዋለች፤ ነጭ ሆኗል። ጥቁር ወፍራም መነጽር፣ አገጯ በመዳፏ ላይ። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ የሆነች» ይላል። ፌርማታው ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ የክፋት ሳቅ። ድምፅ ለሌላቸው! ሙሉነሽ ድምፅ አልነበራትም? ሙሉነሽ ሐይቁ ዳር ሆና ስትስቅ ዳክዬዎቹ ይበሩ ነበር እኮ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሾፌሩ አየኝ፤ አልገባሁም። ወሬ ከጀመርኩ ከሥሩ ልጀምረው።

ማህናዝን ያገኘኋት ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚያድሩበት ፎዬ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን። እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር፤ እሷ ከቴህራን አንድ ሻንጣና አንድ የፊልም ቆርቆሮ ይዛ ገባች። ልብሷን ሳታወጣ በፊት ቆርቆሮዋን ከአልጋው ሥር አስቀመጠች። የዚያን ዘመን ጄኔቭ ዛሬ ላሉት ልጆች ቢነገራቸው አያምኑም። ቡና ቆሞ ለሚጠጣ ሁለት ፍራንክ እንኳ አይሞላም ነበር። ኮት የሚገዛው ፕላንፓሌ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ላይ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ሻጮቹ ዋጋ ስለሚጥሉ ደመና ስናይ ደስ ይለን ነበር። ሁላችንም ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ጃኬት እንለብስ ነበር፤ በበር ስናልፍ ወታደር እንመስላለን። ማህናዝ ብቻ የሟች ሽማግሌ የሚመስል አረንጓዴ የወንድ ካፖርት ገዛች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል፣ ግን እንዴት አባቱ ያምርባታል! እሁድ እሁድ ኮርናቫ ባቡር ጣቢያ ያሉት የስልክ ሳጥኖች ፊት ሰልፍ ነው። ሐበሻው፣ ኢራኑ፣ ታሚሉ ሁሉ ካርዱን ይዞ ተራ ይጠብቃል፤ የሚያለቅስ ሰው ከሳጥኑ ሲወጣ ማንም አያየውም፣ ደንብ ነበር። ዛሬ ሳጥኖቹ የሉም። ሁሉም ስልኩን ኪሱ ከትቶ መንገድ ላይ ያለቅሳል።

ማታ ማታ ካሴት እንለዋወጥ ነበር። እኔ ከአገር ያመጣሁትን፣ ማሲንቆ የሚያላዝንበትን ሳጫውት ቃሉ ሳይገባት ታለቅሳለች። የእሷን ስታጫውት እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል። ሩዟን ስትሠራ ከሥሩ ሆን ብላ ታሳርረውና ቅርፊቱን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር፤ እሷ አገር ለክብር እንግዳ የሚሰጥ ነው አለችኝ። እንግዲህ ይህንንም እናገራለሁ፤ ደግነቷን ደብቄ ክፋቷን ብቻ ባወራ እሷን መሰልኩ ማለት ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ፊልም በአባቷ ዕድሜ ላለ ሰው ስለተዳረች ልጅ ነበር። አገሯ ላይ ከለከሉት፣ እሷንም አሳደዷት። «በእኛ ዘንድ የሴት እንባ በር ተዘግቶ ነው የሚፈሰው» ትለኝ ነበር፣ የብረት አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ። «እኔ ሥራዬ በሩን መክፈት ነው።» ያኔ ይህ አነጋገሯ ያስደምመኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ማህናዝ በር ትከፍታለች፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ግን አትጠይቅም።

ሙሉነሽ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ አብረን ተምረናል። አዲስ አበባ የነበረ የአንድ አገር ዲፕሎማት ቤት ተቀጥራ፣ ሰውየው ወደ ጄኔቭ ሲዛወር ከዕቃው ጋር አመጣት። ከዕቃው ጋር የምለው ለማሳመር አይደለም፤ የሚያሳድሯት ግራንድ ሳኮኔ ባለው መኖሪያቸው ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነበር። ፓስፖርቷ ከእመቤቲቱ ዘንድ፣ መውጫዋ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ። ለአባቷ ለጋሽ ደምሴ ግን «ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው» ብላ ጽፋለች። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ልጃቸው የላከችላቸውን ግራጫ ካፖርት በሚያዝያ ፀሐይ ሳይቀር ለብሰው፣ ላገኙት ሁሉ «ሙሉዬ ከዓለም ሰዎች ጋር ናት» ይሉ ነበር። እሁድ እሁድ ሦስታችን ሐይቁ ዳር እንሄድ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ማሮን፣ ያን የሚጠበስ የፈረንጅ ፍሬ፣ ገዝተን፣ ጣታችንን እያቃጠለን እየላጥን፣ ቢዝ የሚሉት ያ ክፉ ነፋስ ጆሯችንን ሲቆርጠው ሙሉ የእመቤቲቱን አካሄድ እያስመሰለች ታስቀን ነበር።

ማህናዝ በዚያን ጊዜ ሲኒማ ትምህርት ቤት ገብታ በትከሻ የሚሸከሙት ካሜራ ተውሳ ነበር። አንድ እሁድ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጥን፣ «ሙሉ የምትኖርበትን መቅረጽ እፈልጋለሁ» አለች። ሙሉ ያኔ ፈረንሳይኛዋ ደካማ ስለነበር የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ።

«ምን አለች?» አለችኝ ሙሉ፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

«ክፍልሽን ልቅረጽ ነው የምትለው።»

«እብድ ናት? አባባ ቢያይስ?»

ማህናዝ ያን ሳይተረጎምላት ገባት። እጇን በሙሉ ጉልበት ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች፤ እኔም ቃል በቃል አደረስኩ፦ «ፊትሽን አላሳይም። እጅሽንና ድምፅሽን ብቻ። በእናቴ ስም።» ሙሉ እሷን ሳይሆን እኔን አየች። «እውነቷን ነው ፀዴ?» አለችኝ። «በእናቴ ስም ነው ያለችው» አልኳት። ተስማማች።

ባለቤቶቹ ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ተራራ በሄዱ ጊዜ ማህናዝና የትምህርት ቤቷ ልጆች ቀረጹ። እኔም ነበርኩ። ሙሉ ማሽኑ ላይ ተደግፋ፣ ስለ ጩኸቱ ተናገረች፤ ሌሊት የእመቤቲቱ ልብስ ከታጠበ እንቅልፍ የለም፣ ካልታጠበ ደግሞ ክፍሉ በረዶ ነው፤ ሙቀቱን ስትፈልግ የራሷን ንጹሕ ልብስ መልሳ ታጥባለች አለች። ያን ስትናገር ሳቀች፣ ወዲያው ሳቋ ተቆረጠ። ካሜራው ቢዝዝ ይላል። እኔ የማህናዝን ጣቶች አይ ነበር፤ የካሜራውን ሌንስ ሲያዞሩት፣ ሲያዞሩት።

ፊልሙ የታየው በሥራ ቀን ስለነበር ሙሉ መምጣት አልቻለችም። እኔ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። መጀመሪያ እጆቿ መጡ፣ ሳሙና የበላቸው። ደስ አለኝ፣ ቃሏን ጠበቀች አልኩ። ከዚያ ግን ፊቷ መጣ። ግድግዳውን ሞላው። ያ ሳቅ፣ ያ የተቆረጠው፣ ከንፈሯን ስትነክስ፣ ሁሉም። አጠገቤ ያሉት ፈረንጆች መሐረባቸውን አወጡ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ፤ ከኋላ ያለው ሰው «ቁጭ በይ እመቤት» አለኝ።

በሩ ላይ አገኘኋት። ሰው ከቧታል፣ ጉንጯን ይስሟታል። እጇን ይዤ ጎተትኳት።

«ቃልሽስ?»

«ፀዳለ፣ ሞከርኩ። እጅ ብቻ ሲያዩ ሰዎች ያዝናሉ። ፊት ሲያዩ ግን ያፍራሉ። እኔ የምፈልገው እንዲያፍሩ ነው።»

«የምታፍረው ሙሉ ናት!» ብዬ ጮህኩባት፣ በአማርኛ። አልተረጎምኩላትም። ገብቷታል።

ፊልሙ ሽልማት አገኘ፣ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። ሙሉን በማግስቱ አሠሪዎቿ በዝናብ ከነሻንጣዋ አስወጧት፤ የመኖሪያ ካርዷንም ወሰዱት። ማህናዝ ያን ቀን ሌላ አገር ፌስቲቫል ላይ ነበረች። ሙሉ እኔ ዘንድ መጣች፤ ያኔ ከፎዬው ወጥቼ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋሁላት። ቤተ ክርስቲያን ይዣት ብሄድ፣ ከፕሮቴስታንቶች በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ ሴቶች «ያቺ የፊልሟ ገረድ» ሲባባሉ ሰማሁ። እነሱ ራሳቸው የማንን ቤት ይጠርጉ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ሙሉ ግን ከዚያ እሁድ በኋላ አልመጣችም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ የፊልሙ ካሴት አዲስ አበባ መግባቱ ነው። ማን እንደወሰደው እስከዛሬ አላወቅንም። ጋሽ ደምሴ ጎረቤት ቤት ቪዲዮ ላይ ልጃቸውን አዩ። በስልክ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሙሉዬ፣ ለእኔ ለምን ዋሸሽ? እኔ ባውቅ እጸልይልሽ አልነበር?» ካፖርቱን ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ እስኪሞቱ ድረስ አልለበሱትም አሉ።

ሰው ፊልሙ ጥቅም ነበረው ይለኛል። አልክድም። ከዚያ በኋላ ማኅበራት ስለ ቤት ሠራተኞች በየቤቱ መጠየቅ ጀመሩ፣ ከምድር ቤት ወጥተው የራሳቸው ክፍል ያገኙ ሴቶች አሉ፤ አንዷን በስም አውቃታለሁ፣ ባገኘችኝ ቁጥር ማህናዝን ትመርቅልኛለች፤ እኔም አሜን አልልም። ሙሉም ብትሆን፣ ፊልሙን ያየች አንዲት ጠበቃ ተከራክራላት ፔርሚ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያገኘችው በዚያው ምክንያት ነው። ወደ ዙሪክ ሄደች፤ ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ ክፍል በማጽዳት ጀምራ የፅዳት ሠራተኞቹ ሁሉ አለቃ ሆነች። አሁን ጡረታ ላይ ናት፤ «ግሩኤትሲ» ብላ እንደነሱ ሰላምታ ስትሰጥ ከተራራ የወረደች ስዊስ ነው የምትመስለው። ግን እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቤት ተቃጥሎ ባመዱ ማሳ ቢለመልም፣ ያቃጠለው ሰው ገበሬ ተብሎ ይሸለማል?

ማህናዝ ተሸለመች። ዓመት በዓመት ስሟ ገነነ። ሲፋቱ ልጆቻቸውን ስለሚነጠቁ እናቶች ሠራች። ከቤት ጠፍተው መናፈሻ ውስጥ ስለሚያድሩ ልጃገረዶች ሠራች። እስር ቤት ስለወለዱ ሴቶች ሠራች። ሁሉንም አይቻለሁ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ የምጠላበትን ነገር ፍለጋ። ክፉ ፊልም ብትሠራ ምን ያህል በቀለለኝ! ጥሩ ናቸው። ያቺ ልጇን የተነጠቀችው እናት የትምህርት ቤቱን አጥር ይዛ ስትቆም፣ እኔ ምርር ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ እያለቀስኩም በልቤ «ይቺንስ ምን ብለሽ ምለሽላት ነበር?» እላለሁ።

አንድ ጊዜ ልትቀርጽ አገሯ ገብታ ታሰረች። ጄኔቭ ውስጥ ፊርማ ይሰበሰብ ጀመር፤ እኔም ዘንድ መጡ፣ አልፈረምኩም። የተባበሩት መንግሥታት ደጅ፣ ባንዲራዎቹ የተደረደሩበት አደባባይ ላይ ሰልፍ አለ ተባለ። በዚያ ሳልፍ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ሙሉነሽን! ከዙሪክ ድረስ በባቡር መጥታ፣ በዚያ ብርድ፣ የማህናዝ ፎቶ የተለጠፈበት ካርቶን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ?» አልኳት።

«ፀዴ፣ ታስራለች እኮ።»

«አንቺን ሲያስወጡሽ የት ነበረች?»

«የታሰረ ሰው አይረገምም» አለችኝና ካርቶኑን አስተካክላ ወደ ፊት ዞረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። የእኛ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የተወጋችው ረሳች፣ አጠገቧ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ የማልረሳው። በዚያ ቀን ሙሉነሽንም ተቆጣሁ። ብዙ ወራት ስልኳን አላነሳሁም፤ ማህናዝ ተፈታ ስትመለስ እንኳ።

እንግዲህ ባለፈው የብርድ ወራት፣ አፊሹን ካየሁ በኋላ፣ ሙሉ ደወለች። «ቅዳሜ ዙሪክ ነይ» አለችኝ። «የማህናዝን ሥራዎች በሙሉ እያሳዩ ነው፤ ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው። እሷም ትመጣለች። የምጠይቃት ነገር አለኝ።» የምጠይቃት ነገር! ልቤ ዘለለ። በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ አልኩ። ለሐዘንም ለሠርግም የምለብሰውን ጥቁር ሱፌን ተኮስኩ። ባቡሩ ውስጥ እስከ ዙሪክ ድረስ፣ ሙሉ ምን ብላ እንደምታዋርዳት በልቤ ሳዘጋጅ፣ ሐይቁንም የወይን ማሳውንም ልብ ሳልለው አለፈኝ። ሙሉ ጣቢያው ውስጥ ትልቁ ሰዓት ሥር ጠበቀችኝ፤ ጸጉሯን ተሠርታለች፣ ሊፕስቲክም ተቀብታለች። በትራም ሄድን።

አዳራሹ ሞልቷል፤ ብዙው ወጣት ነው። መብራት ጠፋ፣ ያ ማሽን መጮህ ጀመረ። ያኔ እንደ መርግ የወደቀብኝ ፊት እንደገና ግድግዳውን ሞላው። አጠገቤ ያለችው አሮጊት በጨለማ ክንዴን ነካችኝ። «ቆንጆ ነበርኩ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዝም በይ» አልኳት። ፊልሙ አለቀና ስሞች ይወጡ ጀመር፦ የካሜራ፣ የድምፅ፣ መኪና የነዳው፣ ምሳ ያቀረበው። ሙሉ ወደ ፊት ዘንበል ብላ እያንዳንዱን ታነባለች። መብራት በራ።

ማህናዝ ከዘራ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ትንሽ ሆናለች። አንዲት ወጣት ወደ ጀርመንኛ እየተረጎመች ጥያቄ ተጀመረ። አንድ ልጅ እግር፣ «ያቺ ሴት ማን ናት? ምን ደረሰባት?» ሲል ጠየቀ። ማህናዝ ማይክሮፎኑን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ስሟን አልናገርም» አለች። «ጉዳት እንዳይደርስባት ስሟን ጠብቄአለሁ፤ እስከ መጨረሻውም እጠብቃለሁ።» ተጨበጨበ። ሙሉ ማጨብጨቡ ሳያልቅ ተነሳች።

«ማህናዝ፣ እኔ ነኝ» አለች በፈረንሳይኛ።

ማህናዝ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች፣ ትኩር ብላ አየች፣ ከዘራዋ ከእጇ ወደቀ። «ሙሉ?» አለች፣ ያለ ማይክሮፎን።

«ፊቴን አላሳይም ብለሽኝ አሳየሽ» አለች ሙሉ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ለሆቴል ሠራተኞች የዕለቱን ሥራ የምታከፋፍል ነው የምትመስለው። «አለፈ። ዛሬ የመጣሁት ለሌላ ነው። የሾፌሩ ስም አለ። ሳንድዊች ያመጣው ሰውዬ ስም አለ። የእኔ የታለ?»

«ሙሉ፣ እንዳትጎጂ ብዬ ነው…»

«ፊቴን ዓለም ካየው በኋላ ስሜን የደበቅሽው ከማን ነው?»

ያቺ ተርጓሚ ልጅ ወደ ጀርመንኛ መመለሱን ተወችው። እኔ ወንበሬን ጨብጬ እጠብቃለሁ፤ ቀጥይ፣ ጨርሻት እላለሁ በልቤ። ሙሉ ግን የምትለው ያው ነበር፤ አልቋል። ማህናዝ በመጨረሻ፣ «ልክ ነሽ» አለች። «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ።»

«ሙሉነሽ ደምሴ።»

«ሙሉናሽ…»

«ነሽ። ሙሉ፣ ነሽ። ደምሴ።»

እስክታስተካክለው ድረስ አስደገመቻት፤ እንደ ተማሪ። ከዚያ ማህናዝ ማይክሮፎኑን አንስታ ለአዳራሹ ተናገረችው። ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ግን ጋሽ ደምሴ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በስማቸው ሲጠሩ ስሰማ መቀመጥም አልቻልኩም።

መተላለፊያው ላይ ሦስታችን ተገናኘን። ሙሉና እሷ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ማህናዝ ወደ እኔ ዞረች።

«ፀዳለ። አሁንም ተቆጥተሻል?»

«አዎ።»

«ሙሉ ይቅር ብላኛለች።»

«ሙሉ ይቅር ያለችሽ ፊቷን ነው» አልኳት። «ያ ቃል ግን የወጣው ከእኔ አፍ ነው። እሷ ያመነችው አንቺን አይደለም፣ እኔን ነው። በእናትሽ ስም በአፌ ምለሽ ውሸታም አደረግሽኝ። እሱን ይቅር የምልሽ እኔ ነኝ፤ አላልኩም።»

«ዛሬም ቢሆን» አለች ቀስ ብላ፣ «ያንኑ ፊት አሳይ ነበር።» ቢያንስ በዚህኛው አልዋሸችም። ሙሉ በመካከላችን ገብታ፣ «በሉ ቤቴ እራት አለ፣ ግላትብሩግ ሩቅ አይደለም» አለች። የምመለስበት ባቡር አለ ብዬ ተሰናበትኳት። ትራሙ ውስጥ ሆኜ ወደ ኋላ ሳይ፣ ደረጃው ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ ስለሚያዳልጥ፣ ሙሉ የማህናዝን ክንድ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ እግር በእግር ስታወርዳት አየሁ።

በፀደይ ፊልሙ ጄኔቭ መጣ። ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። የኋላ ወንበር፣ ኮቴን ሳላወልቅ። ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ መጡ፤ ከሁሉም በፊት፣ ከማህናዝም በፊት፣ ብቻውን፣ በነጭ፦ ሙሉነሽ ደምሴ። በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፣ ከሥሩም በእኛው ፊደል። መነጽሬን ከቦርሳ አውጥቼ አድርጌ ፊደሉን አንድ በአንድ አየሁት። ስህተት ፈለግሁ፤ አጣሁ።